ቀለህ ለምን ይለቀማል? ከተኩስ በኋላ ስለሚቀረው ናስ ማወቅ ያለብን ነገር

ልጅ ሆኖ ቀለህ ለቅሞ ያላፏጨ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ ጥይት ሲተኮስ ትልልቆቹ ወደ ሰማይ ያያሉ፤ የእኛ ዓይን ግን መሬት መሬት ነበር። ገና ያልበረደውን ቀለህ ቀድሞ ያነሳ ልጅ የዕለቱ ጀግና ነው። የቀለሁን አፍ ከንፈራችን ላይ አድርገን እፍ ስንለው ፉጨቱ እስከ ማዶ ይሰማል።

ይህን ያስታወሰን ሰሞኑን አሜሪካ ከሚኖሩ ተከታታዮቻችን የደረሰን ጥያቄ ነው። «ተኩስ መለማመጃ ቦታ ስንሄድ ትልልቅ ሰዎች ጎንበስ ብለው ቀለህ ይለቅማሉ። እንደ ወርቅ ነው የሚሰበስቡት። ምን ያደርጉበታል? እኛስ ብንለቅም?» ይላል።

አጭሩ መልስ ይኸውላችሁ፦ ቀለሁን አጽድተው፣ ቅርጹን መልሰው፣ በአዲስ ባሩድና በአዲስ አረር እንደገና ጥይት ያደርጉታል። ረጅሙ መልስ ግን መታወቅ አለበት። ምክንያቱም ይህ ሥራ በጥንቃቄ ሲሠራ ወጪ ይቀንሳል፤ በግዴለሽነት ሲሠራ ግን ዓይንና ጣት ያሳጣል። ስለ ባሩድ ዓይነትና መጠን እዚህ አንጽፍም፤ እሱ ከአምራቹ የመመሪያ መጽሐፍ ውጪ ከማንም የሚወሰድ ነገር አይደለም። የዛሬው ጉዳያችን ቀለሁ ብቻ ነው።

*ጥይት ከምን ከምን ይሠራል?*

አንድ ጥይት አራት ነገር ነው። ፊት ላይ ተወርዋሪው አረር አለ። ውስጡ ባሩድ አለ። ከመቀመጫው መሐል ስትመታ እሳት የምትሰጥ ትንሽ ቆብ አለች፤ ፕራይመር ትባላለች። አራተኛው ሦስቱንም አቅፎ የያዘው ቀለህ ነው።

ቃታ ሲሳብ አረሩ ይሄዳል፣ ባሩዱ ይነዳል፣ ፕራይመሯም ታልቃለች። የሚቀረው ቀለሁ ብቻ ነው። አዲስ ሲገዛ ደግሞ ከአራቱ አብዛኛውን ጊዜ ውዱ እሱ ነው። ታዲያ ሰዎቹ ጎንበስ ማለታቸው ይፈረድባቸዋል?

*ለምን ናስ ሆነ?*

የጥይት ናስ 70 በመቶው መዳብ፣ 30 በመቶው ዚንክ ነው። ይህ ቅልቅል የተመረጠው ስለሚያምር አይደለም፤ ተለጥጦ ስለሚመለስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥይቱ ሲተኮስ ቀለሁ በቅጽበት ያብጥና ከማጉረሻው፣ ማለትም ጥይቱ ጠመንጃው ውስጥ ከተቀመጠበት ክፍል ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። ይህም የጋለው ጋዝ ወደ ኋላ፣ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመጣ ይዘጋዋል። ግፊቱ ሲወርድ ደግሞ ናሱ ጥቂት ይኮማተርና ከግድግዳው ይላቀቃል። ባይኮማተር ኖሮ ቀለሁ እዚያው ተጣብቆ ይቀር ነበር።

ግፊቱ ምን ያህል ነው? ጎሚስታ ቤት የመኪና ጎማ ስታስነፉ 32 ፒኤስአይ አካባቢ ነው። ለአደን በብዛት የሚያገለግለው 308 ዊንቸስተር የተባለው ጥይት የተፈቀደለት ከፍተኛ ግፊት 62,000 ፒኤስአይ ነው። የጎማውን ሁለት ሺህ እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ቀረው ማለት ነው። ይህ ሁሉ ከፊታችን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ የሚሆን ነገር ነው።

ነገር ግን ናሱ ሙሉ በሙሉ ወደ ቀድሞው ቅርጹ አይመለስም። በተተኮሰ ቁጥር ትንሽ ይሰፋል፣ ትንሽ ይረዝማል፣ ትንሽ ይደርቃል። ቀለህ የማዘጋጀት ሥራ እንግዲህ ሁለት ነገር ነው፦ የተለወጠውን ቅርጽ መመለስና የቀረውን ዕድሜ ማንበብ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ይማራል፤ አደጋ የሚመጣው ሁለተኛውን በመርሳት ነው።

*በእኛም አገር ዋጋ ነበረው*

በአጼ ምኒልክ ዘመን አገራችን ውስጥ ስሙ የገነነው ጠመንጃ ውጅግራ ነበር። ስሙ «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1874 ፈረንሳይ ለሠራዊቷ የተቀበለችው ጠመንጃ ነው። የዚህ ጠመንጃ ጥይት በአገራችን ገበያ እንደ አሞሌ ጨው ሁሉ በገንዘብ ፋንታ ይሰጥና ይቀበል ነበር። ጥይት በዝናር ታጥቆ ገበያ የወጣ ሰው ቦርሳውንም ታጥቆ ወጣ ማለት ነው። ቀለሁ የናስ በመሆኑ ከተተኮሰ በኋላም እንደገና ሊሞላ የሚችል ዓይነት ነበር። ስለዚህ ባዶ ቀለህ አይጣልም የሚለው ሐሳብ ከባሕር ማዶ አሁን የመጣ አይደለም።

*1. ለቀማና መለየት*

መጀመሪያ ፈቃድ ይጠየቃል። አንዳንድ የተኩስ ቦታዎች መሬት የወደቀ ቀለህ የእኛ ነው ይላሉ። ተኩስ ሳይቆም ደግሞ ማንም ጎንበስ አይልም።

ከዚያ መለየት ይመጣል። ሁሉም ቀለህ ናስ አይደለም። አገር ቤት በብዛት የምናየው የክላሽ ቀለህ ብዙውን ጊዜ ቀለም የተቀባ ወይም መዳብ የተለበጠ ብረት ነው፤ እንደ ናስ አይለጠጥም፣ አይመለስም። ማግኔት ስታስጠጉት ከተሳበ ብረት ነው። ማግኔት ግን ሁሉንም አይለይም፤ አሉሚኒየምም አይሳብም፣ እሱም ዳግም አያገለግልም። አሉሚኒየም በቅለቱና ደብዘዝ ባለ ግራጫ ቀለሙ ይታወቃል። ብር የመሰለ የሚያንጸባርቅ ቀለህ ደግሞ ኒኬል የተለበጠ ናስ ሊሆን ይችላል፤ ይሠራል፣ ግን አንገቱ ቶሎ ይሰነጠቃል።

ቀጥሎ መቀመጫው ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ይነበባል። ዓይን ያታልላል። 17 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው የ380 ሽጉጥ ቀለህ፣ 18 ሚሊ ሜትሩ ማካሮቭና 19 ሚሊ ሜትሩ የተለመደው 9 ሚሊ ሜትር አንድ ባልዲ ውስጥ ሲቀላቀሉ ለማያውቅ ሰው አንድ ናቸው። የጦር ሠራዊት ቀለህም ከሲቪሉ ጋር አይደባለቅም። ብዙ ጊዜ ግድግዳው ወፈር ስለሚል ውስጡ ጠባብ ነው፤ ያው የባሩድ መጠን በጠባብ ቤት ውስጥ የበለጠ ግፊት ይፈጥራል።

ሌላም አለ። ቀለሁን በባትሪ እያበራችሁ ወደ ውስጥ ብታዩ ከታች ቀዳዳ ይታያል። አንድ መሐለኛ ቀዳዳ ካለው ቦክሰር ይባላል፤ የቀድሞዋ ፕራይመር በመርፌ ተገፍታ ስለምትወጣ ለሥራው ይመቻል። ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ካለው በርዳን ነው፤ መርፌው መሐሉን ሲገፋ ይሰበራል። በነገራችን ላይ በርዳን አሜሪካዊ፣ ቦክሰር እንግሊዛዊ ነበሩ። ዛሬ ግን አሜሪካኖቹ የእንግሊዛዊውን ይጠቀማሉ፤ የአሜሪካዊው ደግሞ በምሥራቅ አውሮፓ ተስፋፋ።

*2. ማጽዳት*

የተለመደው መንገድ ቀለሁን በሚንቀጠቀጥ ወይም በሚሽከረከር ማሽን ውስጥ ከተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ ጋር ማሸት ነው። ሌሎች በውኃ፣ በሳሙናና በደቃቅ የማይዝግ ብረት ያጥባሉ። ማሽኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ግን እያንዳንዱ ይታያል። ከተለቀመ ክምር ውስጥ ያልተተኮሰ ጥይት መገኘቱ የተለመደ ነው።

አሞኒያ ያለበት የመስተዋት ወይም የብረት ማጽጃ ፈጽሞ አይነካውም። ለምን? የእንግሊዝ ጦር ሕንድ ውስጥ ጥይቱን በዝናብ ወቅት የፈረስ ጋጣ ውስጥ ሲያስቀምጥ ቀለሁ ሳይተኮስ በራሱ ይሰነጠቅ ነበር። ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ1921 ታወቀ፦ ከፈረሶቹ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ፣ ከእርጥበቱና ሲሠራ በናሱ ውስጥ ከቀረው ውጥረት ጋር ተጋግዞ ነበር የሚሰነጥቀው። ቤታችን ያለው ማጽጃም ያንኑ ሊያደርግ ይችላል።

አሁን ልጅነታችንን የሚያበላሽ እውነት እንንገራችሁ። በአብዛኛው ፕራይመር ውስጥ የእርሳስ ውሁድ አለ። ሲተኮስ የእርሳስ ብናኝ ቀለሁ ውስጥ ይቀራል። አቧራው በአፍና በአፍንጫ ይገባል፤ በተለይ የሕፃናትን አእምሮና የፅንስን እድገት ይጎዳል። ስለዚህ ይህ ሥራ ወጥ ቤት ውስጥ፣ የምግብ ዕቃ ላይ፣ ልጆች ወይም ነፍሰ ጡር ባሉበት አይሠራም። እየሠሩ አይበላም፣ አይጨስም። ሲጨርሱ እጅ በሳሙና በደንብ ይታጠባል። እኛ ያፏጨንበት ቀለህ አልፏል፤ ልጆቻችን ግን አፋቸው ላይ እንዳያደርጉት እንከልክል።

*3. ቅርጹን መመለስ*

ያበጠው ቀለህ ዳይ በሚባል ጠንካራ ብረት ውስጥ በማንሻ ተገፍቶ ይገባና ወደ ልኩ ይጠብባል። በዚያው ጉዞ አሮጌዋ ፕራይመር ተገፍታ ትወጣለች።

የጠመንጃ ቀለህ ሳይቀባ ከገባ ዳዩ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። ቅባቱ ከበዛ ደግሞ ትከሻው ላይ ተጠራቅሞ ናሱን ይሰረጉደዋል። ስለዚህ ስስ አድርጎ መቀባት፣ ሲያልቅም መጥረግ ነው። ቀጥ ያለ የሽጉጥ ቀለህ ግን ካርባይድ በተባለው በጣም ጠንካራ ዳይ ውስጥ ያለ ቅባትም ይሄዳል።

*4. ርዝመቱን መለካት*

ናስ በግፊት ወደ ፊት ይሳባል፤ ስለዚህ የቀለሁ አንገት ይረዝማል። የ308 ዊንቸስተር ቀለህ ከ51.18 ሚሊ ሜትር ማለፍ የለበትም፤ ሲከረከም ወደ 50.93 ይመለሳል። ልዩነቱ የአንድ ሚሊ ሜትር ሩብ ነው። «ለዚህች ነው እንዴ?» ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ለዚህች ነው። የረዘመ አንገት ማጉረሻው ጫፍ ላይ ይጨናነቅና አረሩን ጨምድዶ ይይዘዋል፤ አረሩ በጊዜው ሳይለቅ ሲቀር ግፊቱ ከልኩ ያልፋል። በካሊፐር ሳይለኩ በዓይን መገመት እዚህ ቦታ የለውም። ከተከረከመ በኋላ የአፉ ጠርዝ ከውስጥም ከውጭም ይለሰልሳል።

*5. በእሳት ማለስለስ*

ይህን አንጥረኞቻችን ያውቁታል። ብር ወይም ናስ ሲቀጠቀጥ ይደርቃል፣ እሳት ሲያገኝ ይለሰልሳል። ቀለህም በየዙሩ ሲሰፋና ሲጠብ አንገቱ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ስለዚህ አንዳንዶች ከጥቂት ዙር በኋላ አንገቱን ብቻ ለአጭር ጊዜ በእሳት ያሞቁታል። የጦር ሠራዊት ቀለህ አንገት ላይ የምታዩት ሰማያዊና ቡናማ ቀለም ፋብሪካው ይህንኑ ሲያደርግ የቀረ ምልክት ነው።

ልብ በሉ፣ አንገቱን ብቻ! መቀመጫው ጠንካራ ሆኖ መቅረት አለበት፤ ግፊቱን ከኋላ የሚችለው እሱ ነው። ቀለሁን ሙሉ በሙሉ ምድጃ ውስጥ ማስገባት አደጋ መጥራት ነው። በዚሁ ምክንያት ከቃጠሎ ወይም ከቆሻሻ ማቃጠያ የተገኘ ቀለህ የቱንም ያህል ቢያምር አይሞላም።

*6. መቼ ይጣላል?*

ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። የሚከተሉት ከታዩ ጨክኖ መጣል ነው፦

▪️ አንገቱ ወይም ገላው ላይ የፀጉር ያህል እንኳ ስንጥቅ ካለ።

▪️ ከመቀመጫው ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚያንጸባርቅ ቀለበት ከታየ። እዚያ ላይ ናሱ ሳስቷል። ጫፉን ያጠፋችሁትን ቀጭን ሽቦ አስገብታችሁ በውስጥ ግድግዳው ላይ ስትጎትቱት ቦይ ካጋጠመው ያ ቀለህ በሚቀጥለው ተኩስ ሁለት ቦታ ሊከፈል ይችላል።

▪️ አዲሷ ፕራይመር ያለ ምንም ትግል የምትገባ ከሆነ። ጎጆዋ ሰፍቷል፤ ጋዝ በዚያ በኩል ሊያመልጥ ይችላል።

▪️ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ የማይታወቅ ከሆነና ጥርጣሬ ካላችሁ።

የተጣለውን አፉን በጉጠት ጨፍልቁት፤ ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይሞላው። ደህናውን ደግሞ በየዓይነቱ ደረቅ ቦታ፣ ስንት ዙር እንደሄደ ጽፋችሁ አስቀምጡ። ያ ወረቀት የቀለሁ የሕክምና ካርድ ነው።

*ሕጉስ?*

አሜሪካ ውስጥ ለራስ መጠቀሚያ ጥይት ለመሙላት የፌዴራል ፈቃድ አያስፈልግም። ለመሸጥ ከተሠራ ግን የአምራች ፈቃድ የግድ ነው። ስቴቶች ደግሞ የየራሳቸው ሕግ አላቸው።

ለእኛ ሰው ዋናው ነጥብ ግን ይኼ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ጥይት ሲል የሞላውን ብቻ አይደለም፤ ቀለህን፣ ፕራይመርን፣ አረርንና ባሩድን ለየብቻ በስም ይጠራል። በጎብኚ፣ በተማሪ ወይም በሌላ ጊዜያዊ ቪዛ የገባ ሰው፣ ሕጉ ከዘረዘራቸው ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ጥይት መያዝ ተከልክሏል። ወረቀት የሌለውም እንዲሁ። ስለዚህ የኢሚግሬሽን ጉዳያችሁ ያላለቀ ወገኖች «ባዶ ነው፣ ለማስታወሻ ነው» ብላችሁ ኪሳችሁ ከመክተታችሁ በፊት ጠበቃችሁን ጠይቁ። በሻንጣ ይዞ አውሮፕላን ማረፊያ መሄድም ራስን ለጥያቄ ማጋለጥ ነው።

አገር ቤት ደግሞ የጦር መሣሪያ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጥብቅ ቁጥጥር ሥር ነው። ከላይ የዘረዘርነው እቤት ውስጥ የሚሞከር የትርፍ ጊዜ ሥራ አይደለም።

*የመጨረሻው ቃላችን ለወላጆች*

ጦርነት ባለፈባቸው አካባቢዎች ልጆች ቀለህ የሚለቅሙት ለፉጨት ብቻ አይደለም፤ ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ለመሸጥም ጭምር ነው። ቀለህ ራሱ አይፈነዳም። ችግሩ ቀለህ ባለበት ሌላም ነገር መኖሩ ነው፤ ያልተተኮሰ ጥይት፣ ያልፈነዳ ቦምብ፣ የመድፍ ፍልፋይ የሚመስል ግን ሙሉ የሆነ ነገር። ባዶውን ከሙሉው መለየት ለትልቅ ሰውም ከባድ ነው፤ ለአሥር ዓመት ልጅማ እንዴት ይሆናል?

ልጆቻችሁን እንዲህ በሏቸው፦ አትንኩ፣ አትምቱ፣ እሳት ላይ አትጣሉ። ያያችሁበትን ቦታ ምልክት አድርጋችሁ፣ በመጣችሁበት እግር ተመልሳችሁ ለትልቅ ሰው ንገሩ። ትልቁም ሰው ራሱ ሳያነሳ ለአካባቢው ፖሊስ ወይም አስተዳደር ያሳውቅ።

ባዶ ቀለህ ለሚያውቀውና ለተፈቀደለት ሰው ንብረት ነው። ለማያውቀው ግን መሬት ላይ ቢቀር ይሻላል።

ልጆች ላሉበት ቤት ይድረስ ዘንድ ለወዳጆቻችሁ አጋሩልን። ቸር ይግጠመን።